ያልተሻረው ደረሰኝ

ከዲላ ተነሥቶ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ፣ በዛፍ፣ በቡናና በእንሰት ጥላ መካከል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ በሚያገኛት በኮቸሬ ወረዳ ዋና ከተማ በጨለለቅቱ፣ ዛሬ አንድ ተማሪ የፈተና ውጤቱን ለማየት በእጅ ስልኩ የሚከፍተው የድረ ገጽ አሳሽ (ብሮውዘር) መልኩ የትናንት ቢመስልም፣ አጥንቱና ጅማቱ የተሠራው ጌዴኦ ገና በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የደራሳ አውራጃ ተብሎ ይጠራ በነበረበት ዘመን ከተወለደ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ያ ቋንቋ ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ ብዙ ጸጋ አውርሷል፤ ከጸጋው ጋር ግን አንድ ደዌ አብሮ አወረሰ፤ ደዌውም ከአሜሪካ ቤተ ሙከራ ተነሥቶ በብዙ ሀገር ዞሮ፣ በመጨረሻ በኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ገበታ ላይና በጨለለቅቱ የጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ በቅደም ተከተል መተረክ የተገባ ነው።

ቋንቋው ሲ ይባላል። በ1964 ዓ.ም. ገደማ ዴኒስ ሪቺ የሚባል ሊቅ በቤል ቤተ ሙከራ ሲያዘጋጀው፣ የዘመኑ ኮምፒውተር ዋጋው እጅግ ውድ፣ ማኅደረ ትውስታው ግን እጅግ ጠባብ ስለ ነበረ፣ ለፕሮግራም ጸሐፊው ሁሉን ፈቀደለት፤ ከማኅደሩ ስፍራ ሲጠይቅ ይሰጠዋል፣ በቃኝ ብሎ ሲመልስም ይቀበለዋል፤ ከተሰጠው ወሰን አልፎ ቢጽፍ፣ ወይም የመለሰውን ስፍራ እንደ ገና ቢነካ ግን የሚከለክለው ሥርዓት አልተበጀለትም፤ ቁጥጥሩ ከማሽኑ ፍጥነት ላይ የሚቆረጥ ዋጋ ነበረውና። ሊቃውንቱ አደጋውን አላወቁም አይባልም። በ1965 ዓ.ም. መባቻ ላይ ጄምስ አንደርሰን ለአሜሪካ አየር ኀይል ባዘጋጀው ጥናት፣ የተሰጠውን ጽሕፈት ከየት አንሥቶ ወዴት እንደሚያኖር የማይመረምር ፕሮግራም፣ ተንኮለኛ ሰው በዋናው ሥርዓት ትእዛዝ ላይ የራሱን ትእዛዝ እንዲደርብበት በር እንደሚከፍት አስረድቶ ነበረ። በጥቅምት 1973 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር የኮምፒውተር ሊቃውንት ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ባሰማው ንግግር፣ እርሱና ባልደረቦቹ ለአልጎል ቋንቋ በሠሩት ተርጓሚ ውስጥ እያንዳንዱ ወሰን በየጊዜው ይመረመር እንደ ነበረ፣ ለፍጥነት ሲባል ምርመራው ይቅርላችሁን ተብለው የተጠየቁት ደንበኞችም በአንድ ቃል እንቢ እንዳሉ አውስቶ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ቋንቋ ሠሪዎች ግን ይህን ትምህርት አለመማራቸው እንደሚያስፈራው፣ በሌላ የምህንድስና ሥራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ቸልታ ከብዙ ጊዜ በፊት በሕግ የተከለከለ ይሆን እንደ ነበረ ተናገረ። ሰሚ አላገኘም።

ጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ትል መሰል ፕሮግራም በመረብ ላይ ለቀቀ። ትሉ ከተጠቀመባቸው በሮች አንዱ፣ 512 ባይት ብቻ ለመቀበል የተዘጋጀ ስፍራ ነበረ፤ ትሉ ግን 536 ባይት ላከበት፤ የተረፉት 24 ባይቶችም ወሰኑን ተሻግረው ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ ወዴት እንዲመለስ የተጻፈውን አድራሻ ለወጡት። በዚያ ዘመን ከመረቡ ጋር የተያያዙት ኮምፒውተሮች ወደ 60,000 እንደሚሆኑ ሲገመት፣ ከእነርሱ 6,000 ያህሉ እንደ ተያዙ ተነገረ። ከዚህ በኋላ እንኳ ነገሩ የአንድ ተማሪ ጥፋት ተብሎ ተማሪው ተከሶ ተፈረደበት፤ ቋንቋው ግን በነበረበት ቀጠለ።

ነገሩን ያባባሰው የድረ ገጽ መፈጠር ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1983 ዓ.ም. በጄኔቭ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ተቋም የመጀመሪያውን የድረ ገጽ አሳሽ ሲሠራ፣ አሳሹ የተጻፈለትን ገጽ አምጥቶ ከማሳየትና ከማረም በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። በግንቦት 1987 ዓ.ም. ግን ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን ውስጥ ጃቫስክሪፕት የተባለውን ቋንቋ አዘጋጀ፤ ከዚያ ወዲህ አሳሹ አንባቢ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ማንነቱ ያልታወቀ እንግዳ ከሩቅ ሀገር ጽፎ የላከውን ትእዛዝ ተቀብሎ በቤትህ ውስጥ የሚፈጽም ሎሌ ሆነ። ሎሌው ራሱ የተጻፈው በሲና ከሲ በተወለደው በሲ ፕላስ ፕላስ ነበረ። እንዲህ ያለውን ጋብቻ በጥሞና አስቦ የፈቀደ ሰው አለ ለማለት ይከብዳል፤ ገበያው ያጣደፈው ሥራ ነበረ።

በ1989 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተገናኙ። በፍራክ የኤሌክትሮኒክ መጽሔት 49ኛ እትም ላይ ወሰን በመሻገር ማሽንን እንዴት መማረክ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ የሚያስተምር ጽሑፍ ወጣ፤ የጥቂቶች ምሥጢር የነበረውም ጥበብ ከዚያ በኋላ የማንም ሆነ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔትን አገልግሎት በአዲስ አበባ ጀመረ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዲላ ኮሌጅ ያን ጊዜ ገና ጀማሪ ነበረ። ወደ ወረዳዎቹ መረቡ የወረደው ዘግይቶ፣ ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ፣ ወረዳ ኔት በተባለው የመንግሥት ዝርጋታ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀው «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ በተሰቀለባቸው ጠባብ ክፍሎችና በኢንተርኔት ካፌዎች ውስጥ ነበረ። በእነዚያ ክፍሎች አንዲት ጸሐፊ የክስ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ለሥራ ፈላጊው የሥራ ልምድ ማስረጃውን ስካን ታደርጋለች፣ የፈተና ውጤት በወጣ ቀንም ከደጅ እስከ መንገድ የተሰለፉትን ተማሪዎች መለያ ቁጥር እየተቀበለች በአሳሹ ታስገባለች። ማሽኑ በአብዛኛው ያገለገለ ነው፤ ዊንዶውሱ የተገለበጠ ነው፤ የኢንተርኔት ሒሳብ እንዳይበላ ተብሎም አፕዴቱ ተዘግቷል። ቫይረስ የሚፈራው ከሰው ኪስ በሚወጣው ፍላሽ ዲስክ በኩል ነበረ፤ የተከፈተ ገጽ ብቻውን፣ ምንም ሳይጫንና ምንም ሳይወርድ፣ ማሽኑን ለሌላ ሰው ሊያስረክብ ይችላል ቢባል ማን ያምናል?

ያም ሆኖ የወሰን መሻገሩ ደዌ በሊቃውንቱ ዘንድ እየታወቀና እየተገደበ ሲሄድ፣ አጥቂዎቹ ወደ ሁለተኛው፣ ይበልጥ ረቂቅ ወደ ሆነው ደዌ ዞሩ፤ እርሱም የተመለሰን ስፍራ እንደ ገና መጠቀም ነው። በዲላ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና መረከቢያ መጋዘን አለ፤ አቅራቢው ቡናውን ያስገባል፣ ይመዘንለታል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝም ይቀበላል። እንግዲህ ቡናው ተሸጦ ስፍራው ለሌላ ከተሰጠ በኋላ የፊተኛው ደረሰኝ ሳይሻር በባለቤቱ እጅ ቀረ እንበል፤ መጋዘን ጠባቂውም ደረሰኝ እንጂ ፊት የማያይ ይሁን። ይህን ያወቀ ተንኮለኛ በተለቀቀው ስፍራ በቡና ፈንታ አሸዋ ሞልቶ ቢጠብቅ፣ ባለ ደረሰኙ የራሱ ቡና መስሎት አሸዋውን አሸክሞ ይሄዳል። የምርት ገበያው መዝገብ ለዚህ ዐይነቱ ስሕተት ስፍራ አይሰጥም፤ የአሳሹ ማኅደር ግን ይሰጥ ነበረ። አሳሹ በገጽ ላይ ለሚታይ ለእያንዳንዱ ሥዕልና ለእያንዳንዱ አዝራር ከማኅደሩ ስፍራ ይከራያል፤ ሥዕሉ ሲጠፋ ስፍራውን ይመልሳል፤ ከብዙ ሺህ መስመር በኋላ ያለ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ግን ያን ስፍራ የሚጠቁመውን አሮጌ አድራሻ እንደ ያዘ ይቀራል። አጥቂው በዚህ መካከል ስፍራውን በራሱ ትእዛዝ ይሞላዋል፤ አሳሹም የገዛ ንብረቱ መስሎት ያነሣዋል፣ ይታዘዘዋልም።

ይህ ደዌ በዓለም አደባባይ የተገለጠው በ2002 ዓ.ም. ነው። ጥር 4 ቀን የጉግል ኩባንያ ከቻይና የተነሡ ሰርሳሪዎች ወደ ውስጥ ገብተው ንብረቱን እንደ ሰረቁት ገለጠ፤ ብዙ ሌሎች ታላላቅ ኩባንያዎችም እንደ ተነኩ ታወቀ። የመግቢያው በር በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥ የነበረ ያልተሻረ አድራሻ ነበረ። ገጹ ሲከፈት አንድ ሥዕል ይጫናል፤ ሥዕሉ ሲጫን አሳሹ ስለ ክሥተቱ ማስታወሻ ይይዛል፤ የገጹ ትእዛዝ የማስታወሻውን ግልባጭ አስቀርቶ ወዲያው ሥዕሉን ከገጹ ይሰርዛል፤ ጥቂት ቆይቶም ግልባጩን «ከየትኛው ሥዕል መጣህ» ብሎ ይጠይቀዋል። ግልባጩ የሚጠቁመው ሥዕል ከጠፋ ቆይቷል፤ በስፍራው ግን አጥቂው ማኅደሩን በብዙ ሺህ ቅጂ ያጥለቀለቀበት የራሱ ትእዛዝ ተቀምጧል። የጀርመን መንግሥት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ያን አሳሽ ለጊዜው እንዲተው መከረ፤ ማይክሮሶፍት ጥር 13 ቀን ቀዳዳውን ደፈነ። የጉግል የራሱ አሳሽ ክሮም፣ በነሐሴ 27 ቀን 2000 ዓ.ም. ሲወጣ፣ እያንዳንዱን ገጽ በተለየና በታጠረ ክፍል ውስጥ የማስሠራት ሥርዓት ይዞ ስለ ነበረ፣ ስሕተቱን ባያጠፋም ጉዳቱን ለመገደብ ይረዳ ነበረ።

ቀዳዳ ዋጋ ያለው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነጋዴ አላጣም። አንዳንዱ ያገኘውን ስሕተት ለሠሪው አሳውቆ ሽልማት ይቀበላል፤ አንዳንዱ ግን ስሕተቱ ሳይደፈን እንዲቆይ ለሚፈልግ ይሸጣል። ከሁለተኞቹ ገዢዎች መካከል በሚላኖ የተቀመጠው ሃኪንግ ቲም የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ነበረ፤ ሥራውም ለመንግሥታት የስለላ ፕሮግራም መሸጥ ነበረ። በ2006 ዓ.ም. አንድ የሩሲያ ሰው በአዶቤ ፍላሽ ፕሌየር ውስጥ ያገኘውን የማኅደር ስሕተት በሦስት ጊዜ በሚከፈል 45,000 ዶላር ለዚህ ኩባንያ አስረከበ። ፍላሽ ፕሌየር በዚያ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማሳየት በየአሳሹ ላይ የሚለጠፍ ተቀጥላ ስለ ነበረ፣ የእርሱ ስሕተት የአሳሾች ሁሉ ስሕተት ነበረ።

ታሪኩ ወደ ሀገራችን የሚገባው በዚህ በኩል ነው። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም፣ የግንቦት 7 ንቅናቄን መሪዎች ፎቶግራፍ እንደ ማጥመጃ አድርጎ የሚሠራ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ጋር ተያይዞ እንዳገኘ አሳተመ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በውጭ ሀገር ይሠሩ ለነበሩ ሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች ሰነድ መስለው የመጡ ፋይሎች በተከታታይ ተላኩላቸው፤ ተቋሙ በየካቲት 5 ቀን ባወጣው ምርመራ፣ በፋይሎቹ ውስጥ የተደበቀው የሃኪንግ ቲም ፕሮግራም መሆኑን ገለጠ። ኩባንያው ደንበኞቹን አልናገርም አለ።

ምሥጢሩን የገለጠው ሌላ ሌባ ነው። ሰኔ 28 ቀን 2007 ዓ.ም. ፊኒያስ ፊሸር በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሰርሳሪ የሃኪንግ ቲምን ጓዳ በርብሮ 400 ጊጋ ባይት የሚያህል መዝገብ፣ ደብዳቤውንም ደረሰኙንም፣ በአደባባይ በተነው። በመዝገቡ ውስጥ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ የ1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሒሳብ ተገኘ። ይህ ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ የውጭ ምንዛሪም በሀገራችን ከየት እንደሚመጣ የኮቸሬ ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ከቀይ የቡና ፍሬ ነው።

በዚያው መዝገብ ውስጥ፣ ለደንበኞች ከተዘጋጁት መሣሪያዎች መካከል፣ የኩባንያው ሠራተኞች ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ውብ የፍላሽ ስሕተት አልታየም ብለው ያደነቁት አንድ ቀዳዳ ነበረ። ውበት ማለታቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ነገሩ በጥቂት መስመር የሚፈጸም ነበረና። ፍላሽ ቁጥሮችን በተርታ የሚያኖርበት ባይት አሬይ የተባለ መደብ አለው። ወደ መደቡ አንድ ነገር ሲገባ፣ ፍላሽ በመጀመሪያ የመደቡን አድራሻ ይይዛል፤ ቀጥሎ የሚገባውን ነገር «ዋጋህ ስንት ነው» ብሎ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ የተመለሰለትን ቁጥር በያዘው አድራሻ ያኖራል። ተንኮሉ ያለው በመካከለኛው ጥያቄ ነው፤ ተጠያቂው ነገር አጥቂው የጻፈው ስለሆነ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት መደቡን ራሱን እንዲሰፋ ያዘዋል፤ መደቡ ሲሰፋ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል፣ አሮጌው ስፍራም ይለቀቃል፤ በተለቀቀው ስፍራ ላይ አጥቂው ሌላ ሰንጠረዥ ያሰፍራል። ፍላሽ መልሱን ተቀብሎ ሲጽፍ፣ በእጁ ያለው አሮጌው አድራሻ ነውና፣ በሰንጠረዡ የርዝመት ቁጥር ላይ ይጽፍበታል፤ ርዝመቱ ልክ የሌለው የሆነ ሰንጠረዥም የፕሮግራሙን ማኅደር በሙሉ ለማንበብና ለመጻፍ ሥልጣን ይሰጣል። ለማሳያ የተዘጋጀው ፕሮግራም በመጨረሻ የሚያደርገው የዊንዶውስን የሒሳብ ማሽን መክፈት ብቻ ነበረ፤ የሒሳብ ማሽን የከፈተ ግን ሌላውንም ይከፍታል።

አዶቤ ሐምሌ 1 ቀን ቀዳዳውን ደፈነ፤ ነገር ግን የተበተነው ምሥጢር በሰዓታት ውስጥ የተራ ሌቦች መሣሪያ ሆኖ ነበረ። በመንግሥታት ስም የተገዛውና የተሸሸገው ቀዳዳ ለማንም የኢንተርኔት ካፌ ተጠቃሚ የተረፈው በዚህ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳ የሚሸሽጉ ሁሉ የሚሸሽጉት ከጠላታቸው ብቻ አይደለም፤ ከገዛ ዜጎቻቸውም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ቀዳዳው ከተደፈነ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለት ሌሎች የፍላሽ ስሕተቶች ከዚያው መዝገብ ተገኙ፤ የፋየርፎክስ አሳሽም ፍላሽን ለጊዜው ከለከለው። በፊንስፓይ ተሰልያለሁ ብሎ በአሜሪካ የኢትዮጵያን መንግሥት የከሰሰው ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ግን፣ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ሊከሰስበት አይችልም ብሎ በመወሰኑ ያለ ፍርድ ተሰናበተ።

የደዌው ፈውስ ከዚህ ሁሉ ሁከት ርቆ በጸጥታ ይዘጋጅ ነበረ። ግሬይደን ሆር የተባለ፣ ፋየርፎክስን የሚሠራው የሞዚላ መሐንዲስ በራሱ ጊዜ የጀመረው፣ ኋላም ኩባንያው ያሳደገው ረስት የተባለ ቋንቋ፣ ለእያንዳንዱ የማኅደር ስፍራ አንድ ባለቤት ብቻ ይሰይማል፤ ባለቤቱ ሲያልፍ ስፍራው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያን ስፍራ የሚጠቁም ጽሕፈት ቢገኝ ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ በተርጓሚው እጅ ይወድቃል። የቋንቋው የመጀመሪያ ሙሉ እትም የወጣው በ2007 ዓ.ም. በግንቦት 7 ቀን ነው፤ ቀኑ ለእኛ የሚያስታውሰን ሌላ ነገር ቢኖርም ለፈረንጆቹ ተራ ቀን ነበረ። ኅዳር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ፋየርፎክስ የገጽን መልክ የሚያስተካክለውን ክፍሉን በረስት ጽፎ አቀረበ። ማይክሮሶፍት በ2011 ዓ.ም.፣ የክሮም መሐንዲሶችም በ2012 ዓ.ም.፣ ከሚያርሟቸው የደኅንነት ስሕተቶች ከመቶ 70 ያህሉ የማኅደር ስሕተት መሆናቸውን በየራሳቸው ቆጥረው አስታወቁ፤ በክሮም ውስጥ ከእነዚያ ግማሽ ያህሉ ያ ያልተሻረው ደረሰኝ ነበረ። ፍላሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋርጦ ቀረ፤ ያዘነለት ብዙ አይመስለኝም።

ነገር ግን በብዙ ሚሊዮን መስመር የተጻፈን አሳሽ በአዲስ ቋንቋ እንደ ገና መጻፍ የትውልድ ሥራ ነው። ስለዚህ የክሮም ሠሪዎች በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሚራክል ፖይንተር ያሉትን ሥርዓት አስታወቁ፤ ይህም አንድ የተለቀቀ ስፍራ እርሱን የሚጠቁም አድራሻ በአንዱ የአሳሹ ክፍል እጅ እስካለ ድረስ ተቆልፎ እንዲቆይ፣ ለሌላ እንዳይሰጥም የሚያደርግ ነው። ዋጋው ተጨማሪ ማኅደር መፍጀቱ ነው፤ ምርመራው ይቅር ሲባሉ እንቢ ያሉት የቶኒ ሆር የጥንት ደንበኞች የተቀበሉት ዋጋ፣ ሆር ንግግሩን ካሰማ ከ42 ዓመት በኋላ ተከፈለ።

ከዚያም አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ክሮም በዊንዶውስ 7 ላይ መታደሱን አቆመ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአንድሮይድ 7 የሚሠሩ ስልኮች ተከተሉ። አሳሹ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ዛሬም ይከፈታል፣ ገጹንም ያሳያል፤ የሚቀርበት ከዚያ ወዲህ የተደፈነው ቀዳዳ ሁሉ ነው። በጨለለቅቱም ሆነ በዲላ አንድ የጽሕፈት ቤት ባለቤት ማሽኑን ለመለወጥ ሲያስብ የሚያሰላው የአዲሱን ኮምፒውተር ዋጋ፣ የዘንድሮን የቡና ዋጋና በቀን የሚገባውን የፎቶ ኮፒ ሳንቲም ነው፤ ዊንዶውስ 7 ያለበት ኮምፒውተር ደግሞ ማመልከቻ መጻፉን፣ ማተሙንና የፈተና ውጤት መክፈቱን አላቆመም።